በወር 185 ሺህ ለተጠየቃችሁት፦ የአዲስ ኤስዩቪ ኪራይ እንዴት ይደራደሩታል

ጤና ይስጥልኝ። ሌላውም አባል እንዲከተለን ጥያቄያችሁን ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ብርሃን ያለው ድርጅታችሁ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ለአንድ ዓመት ሊከራይ ነው። ሹፌር ከእናንተ፣ ቻርጅም ከእናንተ። አከራዩ ከቫት በፊት በወር 185 ሺህ ብር ጠይቋል። ሥራችሁ በወር ሁለቴ አዲስ አበባ፣ በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢትና አንኮበር ያመላልሳችኋል። "ስንት ብንለው ይሻላል?" ነው ያላችሁት።

ስንት ይቀነስ ከማለታችሁ በፊት 185ቱ ምን ምን እንዳለበት አስዘርዝሩት። ያልተዘረዘረ ዋጋ ላይ "ትንሽ ቀንስ" ብትሉት አምስት ሺህ ይቀንስና በጎማ፣ በኪሎ ሜትርና መኪናው በቆመበት ቀን ሃያ ሺህ ያስመልሳል።

አከራይ ዋጋ የሚያወጣው መኪናው በዓመት ከሚረክሰው፣ መኪናው ላይ የታሰረው ገንዘብ ከሚወልደው፣ ከኢንሹራንስና ከሰርቪስ፣ ከዚያም ከትርፉ ነው። እናንተም ተቀምጣችሁ ይህንኑ ሥሩት። የምጽፋቸው ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ የሰሞኑን የገበያ ዋጋና የባንክ ወለድ እየተካችሁ አስሉ። መኪናው ዛሬ 5 ሚሊዮን፣ ከዓመት በኋላ 4 ሚሊዮን ተኩል ያወጣል እንበል። የረከሰው 500 ሺህ ለ12 ሲካፈል በወር 41,667 ነው። የታሰረው ገንዘብ በአማካይ 4,750,000 ስለሆነ በ15 በመቶ ወለድ በወር 59,375 ይሆናል። ሙሉ ኢንሹራንሱ በዓመት 100 ሺህ ከሆነ በወር 8,333። ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለሰርቪስ 15 ሺህ ያዙለት። ድምሩ 124,375 ነው። 15 በመቶ ትርፍ ስትጨምሩለት 143 ሺህ ላይ ይቆማል። ከዚያ እስከ 185 ያለው 42 ሺህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። አከራዩ "የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር ቶሎ ይረክሳል" ካላችሁ እውነት አለው። የሚረክሰውን 700 ሺህ አድርጋችሁ ብትሠሩለት እንኳ 160 ሺህ ግድም ነው የሚደርሰው።

ቫቱን አትርሱ። 185 ሺህ ላይ 15 በመቶ 27,750 ነው፤ በጠቅላላው 212,750 ትከፍላላችሁ። የቫት ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ ያ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም። አንዳንድ አከራይ "ንጹህ በእጄ ይሄን ያህል" ብሎ ይስማማና ተቀናሽ ግብሩን ስትቆርጡበት ይጣላል። ስለዚህ ዋጋው ግብር ከመቀነሱ በፊት መሆኑን ውሉ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስፍሩት።

አሁን ኪሎ ሜትሩን እንሥራ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ 520። ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 190 ያህል፣ በወር አራቴ 760። አንኮበር አራት ጊዜ 330 ገደማ። ለከተማ ውስጥ በቀን 15 ብትይዙ በ26 የሥራ ቀን 390። ድምሩ 2,000 ይመጣል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ድንገት ብትላኩ ብላችሁ 2,500 ጠይቁ። ዋናው ግን ጣሪያው በየወሩ ይታሰር ወይስ በዓመት የሚለው ነው። በየወሩ ከሆነ በክረምት ያልነዳችሁት ይቃጠልና በኅዳር ያለፋችሁት ያስከፍላችኋል። "በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር፣ ሒሳቡ በውሉ ማብቂያ የሚታይ" ይባልላችሁ። ለትርፉ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነም ዛሬውኑ ቁረጡት፤ በኋላ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ይወደዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጳጉሜን ነው። "በወር ይህን ያህል፣ ለ12 ወር" ተብሎ ከተፈረመ አምስቱ ቀን የማን ነው? በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት ይሆናል። አከራዩ በቀን ሒሳብ ሊጠይቅባችሁ ይችላል። "ክፍያው በዓመት 12 ጊዜ ነው፣ ጳጉሜን ተካቷል" የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። የቀን ሒሳብም ራሱ ይጻፍ። ለምሳሌ የወሩ ኪራይ 150 ሺህ ቢሆን፣ ለ30 ሲካፈል 5,000፣ ለ26 ሲካፈል 5,769 ነው። መኪናው ተበላሽቶ ሲቆም የሚቀነስላችሁ በየትኛው ነው? በምትከፍሉበት አካፋይ እንዲቀነስላችሁ ተስማሙ።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ፤ ድርጅትን አንድ ቀን ከባድ ዕዳ ውስጥ የሚጥለው እሱ ነው። ሊብሬውን ተቀብላችሁ የአገልግሎት ዓይነቱን አንብቡ። መኪናው ለግል አገልግሎት ተመዝግቦና ለግል ተብሎ ኢንሹራንስ ተገብቶለት ከሆነ፣ እናንተም በኪራይ እየነዳችሁት ከተጋጨ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ማለት ይችላል። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ሁሉም ሊኖረው ይገባል፤ ያ ግን የተጎዳውን ሰው እንጂ መኪናውን አይጠግንም። ስለዚህ ሙሉ ሽፋኑን ሰርተፍኬቱን ብቻ ሳይሆን ፖሊሲውን ከነአባሪው ጠይቁ። ለኪራይ አገልግሎት ይላል? የእናንተ ሹፌር እንዲነዳ ይፈቅዳል? የራስ ድርሻው፣ ማለትም ከጉዳቱ ኢንሹራንሱ የማይከፍለው የመጀመሪያው ክፍል፣ ስንት ነው፣ ማንስ ይከፍለዋል? የኢንሹራንሱ ግምትም ይታይ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ ብዙ ወጥቷል። 5 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ተኩል ግምት ከተሸፈነ፣ ኢንሹራንሱ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ይከፍላል፤ ቀሪው በእናንተና በአከራዩ መካከል ክርክር ይሆናል። በእኛ መስመር ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ። መደበኛው ፖሊሲ ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ የምትሄዱ ከሆነ ያለ እሱ አትፈርሙ፤ ወጪውን አከራዩ ቢሸከም ጥሩ፣ ካልሆነም ተካፈሉት። መንገድ የተዘጋበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብም ጻፉ። ለምሳሌ ከሦስት ተከታታይ ቀን በላይ ከተዘጋ ኪራዩ በግማሽ ይታሰብ ማለት ለሁለቱም ወገን የሚከብድ አይደለም።

መኪናው ራሱ ለሥራችሁ ይሆናል? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ "አዲስ" ሲባል በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። ቁመቱ ኤስዩቪ ቢሆንም ብዙዎቹ የሚጎትቱት በአንድ አክስል ነው። አስፋልት ላይ ምንም አይደለም። እነዋሪና ደነባ በክረምት መረሬው ላይ ግን ሁለት እግር ብቻ የሚጎትት ይንሸራተታል። ፎር ዊል ነው ካላችሁ በጭቃ ነድታችሁ አረጋግጡ እንጂ በስሙ አትክፈሉ። ሥራችሁ አስፋልት ብቻ ከሆነም ለፎር ዊል ተጨማሪ ገንዘብ አትስጡ።

ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚያወርደውን የጣርማ በርን መንገድ ለይታችሁ አስቡበት። ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ከነሰዉና ዕቃው ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ የ70 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ሰባተኛው ማለት ነው። ቁልቁል ሲወርድ የተወሰነው ይመለሳል፤ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከተነሳችሁ ግን የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ የለውም፤ መኪናው በሞተር መያዙን ይቀንስና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሹፌራችሁ ደብረ ሲና ለሚወርድበት ቀን እስከ 85 በመቶ ብቻ ቻርጅ እንዲያደርግ ንገሩት። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይም እንዲሁ ነው፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ኃይል መልሶ መቀበል ያዳግተዋል፣ የሚሄደውም ርቀት ያጥራል። ይህ በድርድሩ ላይ የሚመጣው የፍሬን ሸራና የጎማ ወጪ የማን ነው በሚለው ነው። "በአገልግሎት የሚያልቅ ሁሉ በአከራይ፣ በአያያዝ ጉድለት የሚሰበር በተከራይ" ብላችሁ ለዩት።

ቻርጁን አስቀድማችሁ ሞክሩ። በግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ብቻ ካገኛችሁ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ባዶውን 35 ሰዓት ይፈልጋል፤ በ7 ኪሎ ዋቱ ግድግዳ ቻርጀር 10 ሰዓት ያህል። ቻርጀሩን ማን ያስገጥመዋል፣ ውሉ ሲያልቅስ የማን ይሆናል? ሶኬቱ የቻይና ደረጃ ነው ወይስ የአውሮፓ? አዲስ አበባ ስትደርሱ የምትሰኩበት ጣቢያ ካልገጠመላችሁ ያው ለጉዞው ሌላ መኪና ትከራያላችሁ።

ርክክቡን በቀን ብርሃን፣ መኪናው ታጥቦ አድርጉት። የሻንሲ ቁጥሩን አሥረኛ ምልክት ተመልከቱ። በቻይና በተሠሩት ላይ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 ነው፤ ቁጥሩ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። "ዘንድሮ የገባ" እና "ዘንድሮ የተሠራ" አንድ አይደሉም፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን አራት አኃዝ አንብቡ፤ 2324 ማለት በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም ጎማ፣ ትርፍ ጎማው ካለ እሱንም፣ እያንዳንዱን ጭረት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትርና የባትሪ መጠን ፎቶ አንሱ። ክሪክ፣ የቻርጅ ገመድ፣ ትሪያንግል፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ይቆጠሩ። ፎቶዎቹን አትማችሁ የውሉ አባሪ አድርጉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙባቸው።

ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ ውክልናውን እዩ፤ ማከራየትና ገንዘብ መቀበል በግልጽ ተጽፎበት መሆን አለበት። መኪናው ባንክ መያዣ ከሆነም አከራዩ ብድሩን ባይከፍል መኪናው ከእጃችሁ ሊወሰድ ስለሚችል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተመሳሳይ ምትክ እንዲያቀርብ ወይም ቅድሚያ ክፍያችሁን እንዲመልስ አስፈርሙት። ምትክ መኪና ለብልሽትም ያስፈልጋል። ጥር ላይ "ለሠርግ ሁለት ቀን ልውሰደው" የሚል አለ፤ በውሉ ዘመን መኪናው ለሌላ እንደማይሰጥ ጻፉት።

ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ቢላችሁ አትስማሙ። ሦስት ወር ግን ጥሩ መደራደሪያ ነው፤ የታሰረ ገንዘቡን ስለሚያቀልለት በምላሹ አምስት በመቶ ቅናሽ ጠይቁ። የዋጋ ማስተካከያ በስድስት ወር አንዴ ብቻ፣ በ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሁን፤ እናንተም ካልተስማማችሁ ያለ ቅጣት መውጣት ትችሉ።

ስትቀመጡ ዝርዝሩን ቀድማችሁ አውጡ። "በ143 ሺህ ነው የሚመጣልን፣ የጎደለ ካለ አሳየን" በሉት። የሁከት ሽፋኑን እሱ ከገዛ፣ 30,000 ኪሎ ሜትር በዓመት ከሰጠና ምትክ መኪና ካለው እስከ 160 ብትወጡ አልተጎዳችሁም። እነዚህን ሦስቱን እምቢ ብሎ 150 ቢላችሁ ግን ሌላ አከራይ ፈልጉ፤ በተመሳሳይ ዝርዝር ቢያንስ ሁለት ዋጋ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን አስመጡ። የደላላውን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ውሉ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ተፈርሞ ሁለት ምስክር ይኑረው። ረቂቁን እዚህ ብትለጥፉት አንቀጽ በአንቀጽ አየዋለሁ፤ የአከራዩን ስምና የሰሌዳ ቁጥሩን ሸፍናችሁ።