ሣር በማይበቅልበት አገር አፈሩን ማን ያበላዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። «አፈር የሚጠቁረው ቅጠልና ሥር ሲበሰብስበት ነው» ስላቸው አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አንታርክቲካ አብዛኛው ቦታ ሣር እንኳ የለም፤ አፈርም የለም ማለት ነው?» አለኝ። «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬዋለሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን ጎበዝ በይልኝ። እኔ በአፈር ላቦራቶሪ 19 ዓመት ስሠራ ዋናው ሥራዬ ይህንኑ መለካት ነበር። ገበሬዎች አፈር በፌስታል ያመጡልናል። እናደርቀዋለን፣ እንወቅጠዋለን፣ በወንፊት እንነፋዋለን፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ካርቦን፣ ማለትም የብስባሹን ዋና ንጥረ ነገር፣ እንለካለን። ከደን ጥግ የመጣ አፈር ገና ከፌስታሉ ሲወጣ ሽታው ያስታውቃል። ከአንድ ኪሎው 20 ወይም 30 ግራም ካርቦን ብናገኝ አይደንቀንም።

አንታርክቲካ ውስጥ የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች የሚባል ቦታ አለ። በረዶ አልሸፈነውም፤ የሚታየው ጠጠርና አሸዋ ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ዝናብ አያውቅም። የሚወርደው በረዶ ቢቀልጥ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛው ደግሞ ሳይቀልጥ ወደ አየር ይበናል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ስኮት በ1903 እ.ኤ.አ. ሲደርስበት ሕይወት ያለው ነገር አንድም አላየንም ብሎ ጽፏል። የዚያ አፈር ካርቦን በብዙ ቦታ ከኪሎው 1 ግራም እንኳ አይደርስም።

ግን አለ። ታዲያ ቅጠል ሳይረግፍ ከየት መጣ?

ስኮት ያላያቸው፣ በዓይን የማይታዩት ናቸው ያመጡት። ግንባር ቀደሞቹ ሳይኖባክቴሪያ ይባላሉ። እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ኖስቶክ የሚባለው ወገናቸው ናይትሮጅንንም ከአየር ይወስዳል፤ ማዳበሪያውን ራሱ ያመጣል ማለት ነው። ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚወጣውን ዝልግልግ ታውቂዋለሽ? እነሱም እንደዚያ ያለ ነገር አመንጭተው ይሸፈኑበታል። ከድርቀትና ከውርጭ ይጠብቃቸዋል፤ የአሸዋውንም ቅንጣት እርስ በርስ ያጣብቃል። ሲሞቱ ዝልግልጉና የሰውነታቸው ቅሪት ከማዕድኑ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያንን ሌሎች ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ኔማቶድ የሚባሉ ደቃቅ ትሎች። የእያንዳንዱ ሬሳ ተራውን ጠብቆ አፈሩ ላይ ይጨመራል። ብርዱ መበስበሱን ስለሚያዘገየው ያቺ ትንሽ ነገር ቶሎ አትጠፋም።

ድንጋይ ውስጥ ገብተው የሚኖሩም አሉ። ኢምሬ ፍሪድማን የተባለ ሳይንቲስት በ1970ዎቹ የአሸዋ ድንጋዩን ሰብሮ ሲያይ ከቆዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ አረንጓዴ መስመር አገኘ። ድንጋዩ ሲላላጥ እነሱም ከአፈሩ ይቀላቀላሉ። ነፋሱ ደግሞ በሸለቆዎቹ ካሉት ሐይቆች ዳር የደረቀ የአልጌ (ውሃ ውስጥ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ አረንጓዴ ነገር) ምንጣፍ እየቦጨቀ ይበትናል። ከካርቦኑ ከፊሉ ከሺህ ዓመታት በፊት ከደረቁ ሐይቆች የቀረ ነው።

አሁን ለልጁ የግድ ንገሪልኝ የምልሽን ልንገርሽ። ከእነዚያ ደረቅ ሸለቆዎች አንዱ በሆነው በቴይለር ሸለቆ ለ20 ዓመት ገደማ ውሃ ያልሄደበት የጅረት ቦይ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከሌላ ጅረት ውሃ ጠልፈው ለቀቁበት። በድንጋዮቹ ላይ ደርቆ የቆየው የሳይኖባክቴሪያ ምንጣፍ ሳምንት ሳይሞላው ነፍስ ዘራ። ሃያ ዓመት! ይህን መጀመሪያ ባነበብኩ ቀን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እየዞርኩ ስናገር ነው የዋልኩት።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በምሥራቅ አንታርክቲካ አፈር ውስጥ ብርሃን እንኳ የማያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳየ። በአየር ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠቀማሉ። ከዚያ ባገኙት ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሰውነታቸው ይለውጣሉ። አየር በልተው አፈር ያበላሉ ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ያስተማርሽው ስህተት የለውም፤ ጎደል ያለ ነው እንጂ። በእኛም ማሳ ቅጠሉና ሥሩ መጀመሪያ የእነዚህ የማይታዩ ፍጥረታት ቀለብ ነው። አፈሩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከሚቆየው ብስባሽ ትልቅ ድርሻ ያለው የእነሱ የራሳቸው ሬሳ ነው። የእኛ አፈር ቀለብ ስለሚበዛበት ይህ ሥራ ከቅጠሉ ሥር ተሸፍኖ አይታየንም። እዚያ ግን ራቁቱን ይታያል።

በትምህርት ቤታችሁ አጥር ድንጋይ ላይ በበጋ ደርቆ የሚታይ ጥቁር ቅርፊት ካለ ሳይኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላልና ልጁ ውሃ ጠብ ያድርግበት። ጠዋት አርሶት ከሰዓት በማጉሊያ መነጽር ይየው፤ በማግስቱም ይድገመው። ያየውን በራሱ እጅ ጽፎ ይላክልኝ።