በነፋሻማ የባሕር ዳርቻ ጅራታም ኮከብን ፎቶ ማንሳት

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጹቺንሻን-አትላስ የተባለችውን ጅራታም ኮከብ በእስራኤል ካለው ከአሽዶድ ባሕር ዳርቻ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራውን ለ15 ሰከንድ ብርሃን እንዲቀበል ከፍተው ሲያነሱ፣ ነፋሱ ብርቱ ስለነበር የጅራታም ኮከቧ ራስ ድርብ ሆኖ፣ ዙሪያዋ ያሉት ከዋክብትም እንደ መንጠቆ ተጣመው ወጡ፤ ለወደፊቱ ከባድ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መግዛት ይኖርብዎት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፎቶውን አጉልተው ከዋክብቱን ይመልከቱ። ቀጥ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ ምክንያቱ የምድር መዞር ነው፤ ከተጣመሙ ወይም ከተደረቡ ግን ካሜራው ተነቃንቋል። የእርስዎ ችግር ሁለቱም ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ በዚህ ሌንስና ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም (ትልቅ የምስል ዳሳሽ ያለው) ካሜራ አንድ ኮከብ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ 15 ፒክስል ያህል ይጓዛል፤ ትራይፖዱ የቱንም ያህል ቢከብድ ይህን አያስቀረውም።

ስለዚህ የምመክርዎ ጊዜውን እንዲያሳጥሩ ነው። 300ን ለሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር፣ ማለትም ለ85፣ ሲያካፍሉ 3.5 ሰከንድ ግድም ያገኛሉ፤ 3 ሰከንድ ይያዙ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ወደ 3200 ከፍ ያድርጉ፣ በሮው ፎርማትም (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) 60 ያህል ፎቶ በተከታታይ ያንሱ። ነፋስ ጋብ እያለ ስለሚነፍስ ከእነዚህ መካከል ጥርት ያሉ ብዙ ይኖራሉ፤ የተነቃነቁትን ጥለው የቀሩትን ፎቶ በሚደራርብ ሶፍትዌር በከዋክብቱ አስተካክለው ያዋህዱ። ጅራታም ኮከቧ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በከዋክብቱ መካከል የምትሄደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባሕሩንና አድማሱን ግን ከአንድ ፎቶ ብቻ ይውሰዱ፤ አለዚያ ይደበዝዛሉ።

ያለዎት ትራይፖድ ይበቃዎታል፤ እግሮቹን ሳያስረዝሙ፣ የመካከለኛውን ምሰሶም ሳያወጡ ዝቅ አድርገው ያቁሙት። ቦርሳዎን ከሥሩ ሲያንጠለጥሉ መሬት ይንካ፤ በአየር ላይ ከተወዛወዘ ራሱ ካሜራውን ያነቃንቃል። የካሜራውን ማንገቻና የሌንሱን ጥላ ያውልቁ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት ያንሱ። ማዕበል የሚደርስበት እርጥብ አሸዋ ከእግሩ ሥር ስለሚሸሽ፣ በግንብ ወይም በመኪና ከነፋስ የተከለለ ጠንካራ መሬት ይምረጡ። ፎከሱን በእጅዎ፣ በደማቅ ኮከብ ላይ ያስተካክሉ፤ በዚያ ጥቅምት አርክቱረስ የተባለችው ደማቅ ኮከብ በቅርብ ነበረች።

ነፋሱ የሚያመጣው የባሕር ጨው በሌንሱ ላይ ሲያርፍ ከዋክብቱን ጭጋጋማ ስለሚያደርጋቸው በየጊዜው በባትሪ ይፈትሹት። ጨውና አሸዋ መስታወት ስለሚጭሩ በደረቅ ጨርቅ አይሹት፤ አስቀድመው በአየር መንፊያ ያራግፉት፣ ከዚያም ንጹሕ ውኃ በነካው ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት።