እህቴ ከስቶክሆልም መብራት ልላክልሽ አለችኝ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። በጋውን ደህና ነኝ። ሰኔ ሲያልቅ ግን የሆነ ነገር ይጫነኛል። ባሌ በሌሊት ተነስቶ መርካቶ ይሄዳል፣ እኔ ለልጆቹ ቁርስ ሰጥቼ ተመልሼ እተኛለሁ፣ ስነቃ 5 ሰዓት ሆኗል። ዳቦ ዳቦ ብቻ ይለኛል። ቡና ካፈላሁ ቆየሁ፣ ጎረቤት ሲያንኳኳ የሌለሁ መስዬ ዝም እላለሁ። ዓምናም ካቻምናም እንዲሁ ነበርኩ። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ «እኔንም ይይዘኛል፣ የክረምት ድባቴ ነው፣ የምጠቀምበትን መብራት ልላክልሽ» አለችኝ። እውነት እኛ አገርም አለ? መብራቱስ ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ መብራቱ ለጊዜው ይቆይ። ያንቺና የእህትሽ ክረምት ለየቅል ነው።

ስቶክሆልም ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ከሰዓት 9 ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቀን የሚሉት 6 ሰዓት ብቻ ነው። እህትሽ ሥራ የምትገባው በጨለማ፣ የምትወጣውም በጨለማ ነው። አእምሯችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ክፍል አለ፣ የሚመራውም በዓይን በሚገባው ብርሃን፣ በተለይ በጠዋቱ ነው። ጠዋት ብርሃን ካላገኘ ሰውነት ሌሊቱ ያላለቀ ይመስለዋል፣ ሜላቶኒን የሚባለው የሌሊት ሆርሞንም ጊዜውን ይስታል። ከዚያ እንቅልፍ፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ ድካም፣ ሰው መሸሽ ይመጣል። የጻፍሽልኝ ሁሉ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የማያምነኝን ነገር ልንገርሽ፦ የሐምሌ ቀን ከታኅሣሥ ቀን በአንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል! ሰኔ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ ታኅሣሥ ላይ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ከብርዱ በቀር የሚያማርር አላየሁም። ስለዚህ የሐምሌ ጨለማ የምንለው ሌሊቱ ረዝሞ ሳይሆን ደመናው ወርዶ ነው፣ ከደመናው ደግሞ የባሰው እኛ በራችንን ዘግተን መቀመጣችን ነው። በተለይ ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች፣ ጭቃው እስከ ታክሲ መያዣው ስለሚከተለን፣ ካላስገደደን አንወጣም።

ቤትሽን ልገምት? ልብስ በክረምት ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ገመዱ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ጋ ተወጥሯል። እርጥብ አንሶላ ተሰጥቶበታል። ከአንሶላው ኋላ ወፍራም መጋረጃ አለ፣ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ። በእኩለ ቀን አምፖል ይበራል። ልክ ነኝ? በይ ገመዱን ዛሬውኑ ወደ ኮሪደሩ አዙሪው፣ መጋረጃውንም ግለጪ።

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። አምፖል የበራበት ሳሎን 200 ወይም 300 ሉክስ ቢኖረው ነው። ደጅ ግን ደመናው ከብዶም ቢሆን በሺዎች ይቆጠራል፣ ትንሽ ገለጥ ሲል 10,000 ይገባል። የእህትሽ መብራት ስንት መሰለሽ? 10,000። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ይቀመጡና ቁርሳቸውን ይበላሉ። አንቺ ይሄንኑ ደጅሽ ላይ በነፃ አለሽ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድም።

ስለዚህ ልጆቹ ቁርስ ሲጨርሱ ወደ አልጋ አትመለሺ። ጋቢሽን ደርበሽ፣ ቦት ጫማሽን አጥልቀሽ ውጪ። ዶፉ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ላይ ቢበዛ ካፊያ ነው፣ ጃንጥላ ያዢ። የሌለሽ መስለሽ ያላስገባሻትን ጎረቤትሽንም ጥሪያትና አብራችሁ ሂዱ፣ ብቻሽን ከሆንሽ በሁለተኛው ቀን እንደምትተዪው አንቺም እኔም እናውቃለን።

ሁሉንም ነገር ግን በደመና አላሳብብም። ነሐሴ የወጪ ወር ነው፦ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ከዚያ ደመወዝ የማታውቀው ጳጉሜ ትከተላለች። ጭንቀትሽ ከዚህ ከሆነ በብርሃን አይለቅም፣ ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሒሳብ ብትሠሩ ይሻላል።

ሐዘኑ ወይም የምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም እንዲሁ ያደክማሉ፣ ያስተኛሉም፣ ስለዚህ የደም ምርመራ ጠይቂ። ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል። «አማኑኤል ሄደች» ይሉኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፣ የሚያወራው ሰው አንቺን አያስታምምሽም። ፀበልሽንም ተጠመቂ፣ መድኃኒት ከተሰጠሽ ግን አታቋርጪ። መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ለሰው ንገሪና አብሮሽ ሰው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይባላል። መስከረም ጠብቶ፣ ፀሐዩ ወጥቶ፣ አሁንም እንደዚያው ከሆንሽ ነገሩ የወቅት አይደለምና ሕክምናውን አታዘግዪው።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው የምጽፈው። ልጄ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ዌርሃውስ ውስጥ ሌሊት ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየቀኑ ይደውላል፣ ይቀልዳል። ኅዳር ሲገባ ድምፁ ይጠፋል። ስንደውል «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይዘጋል፣ እስከ መጋቢት እንዲሁ ነው። እናቱ መጠጥ ጀምሯል ባይ ናት። ምን ልበለው?

መልስ፦ አባቴ፣ መጠጡን አላውቅም፣ እርስዎ የጻፉት የወራት ነገር ግን ከመጠጥ ይልቅ የእህታችንን ስቶክሆልም ይመስላል። ሚኒያፖሊስ 45 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን 9 ሰዓት አይሞላም። ልጅዎ ደግሞ ሌሊት ሠርቶ ያችኑ ቀን ተኝቶባት ያልፋል። ብርሃን የሚባል ነገር አያይም።

ይህን የክረምት ድባቴ የሚባል ሕመም ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ የጻፈው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል ራሱ አፍሪካ ያደገ ነው። በ1976 ከጆሃንስበርግ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በክረምቱ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ፀደይ ሲመጣ ደግሞ ሲመለስለት ነው ነገሩን ማጤን የጀመረው። ስለዚህ ልጅዎ ሰንፎ ወይም ቤተሰቡን ረስቶ ላይሆን ይችላል።

ያ መብራት ለእሱ ነው የሚሆነው። ሕመሙ እስኪይዘው አይጠብቅ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይዘጋጅ። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ ግን በስንት ሰዓት እንደሚበራ ሐኪም ይወስንለት፣ በተሳሳተ ሰዓት ከሆነ እንቅልፉን ያዛባበታል። የዓይን ሬቲና ሕመም ካለበት፣ ወይም አንዳንዴ እንቅልፍ ሳያምረው ከልክ በላይ የሚፈነድቅበትና ገንዘብ የሚበትንበት ጊዜ ካለ፣ ያለ ሐኪም አይጀምረው። የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ።

ሲደውሉለት «ለምን ጠፋህ» አይበሉት፣ ያፍርና ይባስ ይጠፋል። በእነሱ ክረምት ልዩነታችን 9 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ እዚህ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፣ ያኔ ይደውሉለት። ምን በላህ፣ ዛሬ ፀሐይ አየህ ወይ ብለው ይጀምሩ። ሞት ሞት የሚል ወሬ ካነሳ አሜሪካ ውስጥ 988 ላይ ቢደውል ወይም መልእክት ቢልክ የሚያናግረው ሰው ያገኛል። ቁጥሩን ለእናቱም ይስጧት።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነኝ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ክረምቱን ሌሊት ቲክቶክ ሳይ አነጋለሁ፣ ቀን እተኛለሁ፣ ይደብረኛል። ድባቴ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ስልኩን እንሞክር። ሌሊት ዓይንህ ላይ ብርሃን እያበራህ፣ ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ብርድ ልብስ ተከናንበህ፣ ሰውነትህ ሰሜን ዋልታ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስልኩን ማታ ማታ እናትህ ክፍል ቻርጅ አድርገው። የፈለገውን ያህል አምሽተህም ቢሆን ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳና ውጣ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገህ ካልተሻለህ ለእህታችን ያልኩት የጤና ጣቢያ ነገር ላንተም ይሠራል።