ባለ ሁለት ሾኩን ልግዛ ወይስ አሮጌውን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት፣ አምዱን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ስራዬ ቃሊቲ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ማርጀቴ ስለሆነ ሳይክል ልገዛ 25 ሺ ብር አጠራቅሜያለሁ። መርካቶ አንድ አዲስ አየሁ፣ ባለ ሁለት ሾክ፣ 21 ማርሽ፣ ዲስክ ፍሬን፣ ቀይ፣ በጣም ያምራል። ጓደኛዬ ደግሞ ከውጪ የመጣ ትሬክ የሚባል አሮጌ ሳይክል ሊሸጥልኝ ነው፣ 26 ጎማ፣ 24 ማርሽ፣ ሾኩ ከፊት ብቻ፣ ከለሩ ተልጧል። ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር የረር ወይ እንጦጦ መውጣት እፈልጋለሁ። ቁመቴ 1.72፣ ኪሎዬ 78። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀዩን እዛው ተወው።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ እኔም ቀይ ገዝቼ ነው የተማርኩት (የኔ እንኳን ብርቱካናማ ነበር)። በዚህ ዋጋ ሁለት ሾክ የተገጠመለት ሳይክል ላይ የኋላው ሾክ ማለት ወፍራም ሞላ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም፣ ዳገት ላይ ስትረግጠው ጉልበትህ ጎማውን ከማዞር ይልቅ ሞላውን ሲጨፈልቅ ይውላል፣ አንተ ታልባለህ እሱ ከታችህ እስክስታ ይወርዳል። ሦስት ወር ሳይሞላው የኋላው መገጣጠሚያ ላላና መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ለብቻው የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ስመልሰው «ጋሼ እሱማ እስኪለምድ ነው» አለኝ። ሳይለምድ ተሸጠ።

ከኋላ ሾክ የሌለው፣ እነሱ ሃርድቴይል የሚሉት፣ ላንተ አይነቱ ሰው ነው የተሰራው። የሚላላ ነገር ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይቀላል፣ 4ኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመህ የምትወጣው ደግሞ አንተ ነህ፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስር አስረህ ተውኩት ብትለኝ ጠዋት የምታገኘው ቁልፉን ብቻ ነው። የፊቱ ሾክ ላይም ብዙ ተስፋ አታድርግ፣ የብረት ሞላ ያላቸው ርካሾቹ ብቻቸውን 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ ኮረኮንች ላይ እጅህን ትንሽ ያሳርፉልሃል፣ በቃ። ሾኩ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው መቆለፊያ ካለው ጥሩ፣ ኮዬ አስፋልቱ ላይ ቆልፈኸው ትሄዳለህ።

ማርሽ ላይ 21 ከ24 ያንሳል ብለህ ቁጥር አትቁጠር፣ ጥርስ ቁጠር። ብዙዎቹ ባለ 21 ላይ ከፊት ትንሿ ማርሽ 24 ጥርስ ናት፣ ከኋላ ትልቁ 28፣ ሲካፈል 0.86 ይመጣል፣ ማለትም ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጥ ጎማው 0.86 ዙር ይሄዳል። ከፊት 22 ከኋላ 32 ያለው ግን 0.69 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስትወጣ፣ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር ሲጠጋና አየሩ ሲሳሳ፣ ያቺ ልዩነት ናት ወርደህ ሳይክሉን የምታስገፋህ ወይ ሳትወርድ የምታስጨርስህ። ስለዚህ የጓደኛህን ሳይክል ጥርሶች ቁጠራቸው፣ ሳታፍር፣ በጣትህ እየነካህ።

አሁን አሮጌ ስትገዛ ምን ታያለህ። መጀመሪያ ቴላዮውን (የሳይክሉን ዋና አካል)፣ በተለይ ከመሪው ስር ሁለቱ ቧንቧ የሚገናኙበትን ቦታ፣ በጨርቅ ጠርገህ ከለሩ ላይ ቀጭን የፀጉር መስመር የምትመስል ስንጥቅ ካየህ ሰላምታ ሰጥተህ ውጣ። አሉሚኒየም የሰፈር በያጅ አይበይደውም፣ አርጎን የሚባለውን የጋዝ ብየዳ ይፈልጋል፣ ቢበየድም እንደ ድሮው አይሆንም። የተላጠ ከለር ግን ምንም ማለት አይደለም፣ እንደውም ሌባ አይመኘውም። ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ አድርገው፣ መሪው ስር «ጠክ ጠክ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ይሄ በማጥበቅ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ነው።

ካቴናውን (ሰንሰለቱን) በማስመሪያ ለካው። ብረት ማስመሪያ ይዘህ ሂድ፣ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 12 ኢንች ስትቆጥር ሌላ ፒን መሃል ላይ ልክ ማረፍ አለበት፣ 1.5 ሚሊ ካለፈ ካቴና ትቀይራለህ፣ 3 ሚሊ ካለፈ ግን የኋላ ጥርሱንም በልቶታልና ሁለቱንም ነው የምትገዛው። ለዚህ ከ25 ሺህ ላይ ትንሽ አስቀር፣ ሁሉንም ለሻጩ አትስጥ።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ልጨምርልህ። ከኋላ 6 ወይ 7 ማርሽ ባላቸው ርካሽ ሳይክሎች ላይ የኋላ ጥርሱ ጎማው መሃል ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው፣ የዚህ አይነቱ አክሱሉ በቀኝ በኩል ደጋፊ ኩሽኔታው ወደ ውስጥ ስለሚርቅ ያንተን 78 ኪሎ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይጎብጣል። ለማወቅ ጎማውን ያዝና ጥርሶቹን ወደኋላ አዙራቸው፣ መሃል ላይ ያለው የመፍቻ ማስገቢያ አብሮ ከዞረ ካሴት የሚባለው፣ የማይጠመዘዘው አይነት ነው፣ ጥሩ ነው፣ እሱ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ያ የሚጠመዘዘው ነው። ባለ 24ቱ፣ ማለትም ከኋላ 8 ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካሴት ነው።

ፍሬን። ሰፈርህን አውቀዋለሁ፣ ክረምት ላይ ያ ዋልካ ጭቃ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ነው የሚለጠፈው፣ ቸርኬውን የሚነክሰው የጎማ ፍሬን ከሆነ ጭቃና አሸዋውን ይዞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ስለዚህ ዲስክ፣ ለዛውም ባለ ገመዱ፣ ዘይት አይጠይቅህም፣ ገመድ ደግሞ የትም ይገኛል። ሸራው ብዙ አይነት ቅርፅ ስላለው ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድ። የጓደኛህ ባለ ጎማ ፍሬን ከሆነም ይቅርብህ አልልህም፣ ክረምት ላይ በየቀኑ ቸርኬውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ላቫጆ ግን እንዳትወስደው! ያ የሚተኩሰው ውሃ ግራሶውን ከኩሽኔታ ውስጥ አጥቦ ያወጣዋል። ካቴናውንም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይለጥፋል።

ጎማ ላይ ጥርሱ መሃሉ ጠበቅ ብሎ ጎኑ ላይ የጎላ ፈልግ፣ አስፋልት ላይ አይጮህም፣ የረርም ላይ አያንሸራትትህም። 26 መሆኑ አያስጨንቅህ፣ 29 ነው የዘመኑ የሚሉህን ተዋቸው፣ የ26 ጎማ ለማግኘት አትቸገርም። የውስጡ ጎማ ቫልቭ እንደ መኪና ወፍራሙ ይሁን፣ ቀጭኑን የጎሚስታው መንፊያ አይይዘውም። ጎሚስታው ደግሞ ለአይሱዙ የለመደ እጅ ነው ያለው፣ ቆመህ ጌጁን እይ፣ እኔ ለስራ ቀን 40 ፒኤስአይ፣ ዱር ስወጣ 30 አካባቢ ነው የምነዳው፣ ከላይ ያለው ገደብ ጎማው ጎን ላይ ተፅፏል።

የቴላዮ መጠን ላንተ 17 ኢንች አካባቢ ይመችሃል። የላይኛውን ቧንቧ እግርህ መሃል አድርገህ ስትቆም በሱና ባንተ መካከል ሦስት አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ጓደኛህም ቢሆን ከስር፣ ፔዳሉ ጋ፣ የተመታውን የቴላዮ ቁጥር ፅፈህ የሽያጭ ወረቀት ተፈራረሙ፣ ቅር አይለውም፣ ቢለውም ይበለው። የቀረህን ብር መብራትና ሄልሜት ግዛበት፣ የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ እናንተ ጋ እስኪደርስ ከሲኖትራክ ጋር ነው የምትጋፋው።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነኝ። ባለቤቴ በራሱ ልክ 29 ጎማ ገዛልኝ፣ እኔ 1.56 ነኝ፣ ቆሜ እግሬ መሬት በደንብ አይደርስም። መቀመጫውን ዝቅ ባደርግ ይሰራል?

መልስ፦ አይሰራም እህቴ፣ መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበትሽ ነው የሚጎዳው፣ እግርሽ መሃል ያለው የላይኛው ቧንቧ ግን እዛው ነው። እሱ ይንዳው፣ ላንቺ 26 ጎማ ያለው 14 ወይ 15 ኢንች ቴላዮ ይግዛልሽ። ሊገዛ ሲሄድ ደግሞ አብረሽው ሂጂ።