«ልጄ እንደ ወንድ አይራመድም»

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ አረማመዱንም «ሴታ ሴት» ይሉታል። ከኳስ ይልቅ ከእኔ ጋር ጓዳ መዋልና የእኅቱን ፀጉር መሥራት ይወዳል። ባለቤቴ ይመታዋል፤ ከሁለት ወር ወዲህም ከእርሱ ጋር ከአንድ መሶብ አይቆርስም። ዘመዶች «ርኩስ መንፈስ ነው፣ አስረሽም ቢሆን ጠበል ውሰጂው» ይሉኛል። እንዲሁ እንዳለ ብወደው በእግዚአብሔር ፊት እጠየቅ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅዎን ስለ ወደዱ አይጠየቁም።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ሰምቼዋለሁ። እያለቀሱ ሲመጡ «ልጁ ምን አጠፋ? ሰረቀ? ሰው በደለ?» እላቸዋለሁ። መልሳቸው ያው ነው፦ «ኧረ እርሱስ የዋህ ነው፤ ግን ሰው ምን ይለናል!» ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚያፍርበትን ሁሉ እግዚአብሔር የሚጠላው ይመስለናል። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነበር፤ በዚያ ዘመን ሹሩባ የጀግና ወግ ነበር። ዛሬ አንድ ወንድ ልጅ ፀጉሩን ቢሠራ የሚጠቋቆምበት የእነዚያው ጀግኖች የልጅ ልጅ ነው። ነውር እንዲህ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ቀጭን ድምፅን ወይም ለስላሳ አረማመድን ኃጢአት ብሎ የቆጠረ ትእዛዝ ግን አላነበብሁም።

ያዕቆብን ያስቡት። ወንድሙ ዔሳው ጠጉራምና አዳኝ ነበር፤ «ያዕቆብ ግን ጭምት ሰው ነበረ፥ በድንኳንም ይቀመጥ ነበር» (ዘፍ. 25፥27)። ያንን የታወቀ የምስር ወጥ የሠራው ወንዱ ልጅ ነው። ርብቃ ስለ ወደደችው የወቀሳት የለም፤ እስራኤል ተብሎ የተጠራውም እርሱ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የቁርባኑን ኅብስት በቤተ ልሔም አቡክተው የሚጋግሩት ወንዶች ናቸው። ታዲያ ልጅዎ ሊጥ ስለ ነካ ምን ጎደለበት?

ሴት የወንድን ልብስ፣ ወንድም የሴትን ልብስ አይልበስ የሚለውን ዘዳግም 22፥5ን ጠቅሰው የሚያስፈራሩዎት ካሉ፣ ነሐሴ 15 ቀን የምናስባትን ቅድስት እንባ መሪናን ይጠይቋቸው። በወንድ ልብስ፣ በወንድ ስም ከመነኮሳት ጋር ኖራ፣ ሴት መሆንዋ የታወቀው ስታርፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥቅሱን ታውቃለች፤ እርስዋንም ቅድስት ትላታለች።

ስለ ጠበሉ ግን ቆጣ ብዬ ልናገር። ጠበል የእግዚአብሔር ምሕረት ነው፤ ሕፃን የሚገረፍበት አለንጋ አይደለም። ታስሮ የተወሰደ ልጅ የሚማረው ቤተ ክርስቲያንን መፍራት ነው። ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያስታውሱ። አካሉ እንደ ሌላው ወንድ አልነበረም፤ በኦሪቱ ሕግ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጉባኤ አይገባም ነበር (ዘዳ. 23፥1)። ሆኖም ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደ። ሲመለስም በመንገድ ላይ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ (ሐዋ. 8፥36)። ውኃውን የጠየቀ እርሱ ራሱ ነው፣ የጎተተው አልነበረም። ያጠመቀው ፊልጶስም መጀመሪያ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኛ ክርስትናችንን ከዚህ ሰው ጀምረን የምንቆጥር ሕዝብ፣ ከሌላው ወንድ የተለየን ልጅ ከመሶብ እናርቃለንን?

«ሲያድግስ ምን ይሆናል?» የሚለው ፍርሃት ከጥያቄዎ በስተጀርባ እንዳለ ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን ያውቃሉ፤ እኔም አልሸሽገውም። ነገር ግን ያልሆነውን ነገር ዛሬ በ13 ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ አስቀድሞ መቅጣት ግፍ ነው። ነገ ምንም ዓይነት ትግል ቢገጥመው፣ ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜም ልጅዎ ነው። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ የሚያነሡልኝ ወላጆች አሉ። የእርስዎ ልጅ ግን የትም አልጠፋም፣ ጓዳ ከእናቱ ጋር ነው። ገፍተን እንዳናጠፋው ነው የምፈራው።

ባለቤትዎ ይህን መልስ ያንብቡት። ጌታዬ፣ «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» የተባለው ለእርስዎ ነው (ቆላ. 3፥21)። በትሩን ዛሬ ይጣሉት፤ ዘመድ ሲሳለቅበትም ዝም አይበሉ። የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁም ልጁን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ወደ መሶቡ ይጥሩትና በገዛ እጅዎ ያጉርሱት።