የቤተሰብ ቪዛ ጣጣ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

እህቴ ከአሜሪካ ሆና ለእናታችን ባመለከተችበት ጊዜ፣ ከቀበሌ እስከ ኤምባሲ ወረቀቱን ይዤ የተመላለስሁት እኔ ነበርሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መንገዱን ስንት ጊዜ እንደሄድሁበት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምመልሰው ያየሁትንና ሕጉን አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ልጄ አሜሪካ ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ግሪን ካርድም አላት። የጎረቤቴ ልጅ እናቱን ወስዷል፤ የኔዋ ግን «አልችልም» ትለኛለች። ሰንፋ ነው ወይስ ረስታኝ?

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎን አይቀየሟት፤ እውነቷን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ማመልከት ይችላል እንጂ ለወላጁ አይችልም። ለወላጅ ለማመልከት ዜግነት ማግኘትና 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ዜግነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግሪን ካርድ ከተያዘ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ነው። ዜጋ ከሆነች በኋላ ግን የወላጅ ማመልከቻ የዓመት ኮታ ስለሌለበት ወረፋ አይጠብቅም። አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ፤ በወላጅ ማመልከቻ የሚሄዱት እርስዎ ብቻ ነዎት። አብረውዎት ያሉት ታናናሾቿ በእርስዎ ፋይል ውስጥ አይገቡም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ወንድሜ ያመለከተልኝ በ2003 ዓ.ም. ነው። እስከ ዛሬ ኤምባሲው አልጠራኝም። ፋይሌ ጠፍቶ ይሆን? ልጆቼስ እያደጉብኝ ነው።

መልስ፦ ፋይልዎ የጠፋ አይመስለኝም፤ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም። ዜጋ የሆነ ሰው ለወንድሙ ወይም ለእህቱ የሚያመለክትበት ምድብ ከሁሉም የረዘመ ወረፋ ያለበት ነው። ለዓለም ሁሉ በዓመት የሚመደብለት 65,000 ቪዛ ሲሆን፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ የተመለከተለት ሰው ባል ወይም ሚስትና ልጆችም ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ጥበቃው ከ15 ዓመት ያልፋል። ወንድምዎ ያመለከተበት ቀን የወረፋ ቀንዎ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ በሚያወጣው የቪዛ ማስታወቂያ ላይ የምድብዎ ቀን ከእርስዎ ቀን እስኪያልፍ ድረስ፣ ኤምባሲ ደጃፍ ቢያድሩም የሚሰጥዎ መልስ የለም። ሰው ይህን ሳይነገረው በየዓመቱ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ገንዘቡን ሲጨርስ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ልጆችዎ፦ 21 ዓመት የሞላው ልጅ ከፋይሉ ይወጣል፤ ነገር ግን ማመልከቻው ገብቶ እስኪጸድቅ የወሰደው ጊዜ ከዕድሜው ላይ ይቀነስለታል። ለምሳሌ ማመልከቻው እስኪጸድቅ ስድስት ዓመት ከፈጀ፣ ወረፋው ሲደርስ 26 ዓመት የሆነው ልጅ እንደ 20 ዓመት ልጅ ይቆጠራል፤ ያላገባ እስከ ሆነና ወረፋው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ የቪዛውን ሂደት እስከ ጀመረ ድረስ። ስንረግመው የኖርነው መዘግየት የሚጠቅምበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ አባቷ በግሪን ካርዱ ያመለከተላት የ23 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ብለናል፤ ሰርጉ ለጥር ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ትልቅ ችግር አለው፤ ሰርጉ ሳይደርስ መጠየቅዎ ደግ ነው። ግሪን ካርድ ያለው አባት ላገባች ልጅ ማመልከት ስለማይችል፣ ልጅቱ ባገባችበት ዕለት ማመልከቻው ይሞታል፤ በኋላ ብትፋታ እንኳ የቀድሞው ወረፋ አይመለስላትም። አባቷ ከሰርጉ በፊት ዜግነት ቢያገኝ ግን ማመልከቻው ወደ ያገቡ ልጆች ምድብ ይዛወራል፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ አባቷ ዜግነት ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደቀረው ይጠይቁ፤ ምናልባት ሰርጉን ማዘግየቱ ብቻ ይበቃ ይሆናል።

«በቤተ ክርስቲያን ብቻ እንፈጽመው፣ ማዘጋጃ ቤት አናስመዝግበው» የሚል ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ አይስሟቸው። በአገራችን ሕግ የሃይማኖትም የባህልም ጋብቻ ጋብቻ ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ «አላገባሁም» ብላ ከተደረሰባት በማታለል ትመዘገባለች፤ ይህም ዕድሜ ልክ ሊያስከለክላት ይችላል።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ የሟች እህቴን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አሜሪካ ስለሆነ አብራኝ ትሂድ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በእኛ ዘንድ ልጅዎ ናት፤ በእነሱ ሕግ ግን ያሳደጉትን የእህት ልጅ «ልጄ» ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም። በጉዲፈቻ የሚታየውም 16 ዓመት ሳይሞላት የተፈጸመ እንደሆነ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። ይህን ጉዳይ ጠበቃ ሳያማክሩ አንድም ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የእናቴ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና የክርስትና ወረቀት ስምም ቀንም አይገጥሙም። ያን ያህል ያስቸግራል?

መልስ፦ የሰውን ልብ የሚያደርቀው ይኸው ነው፤ እኔም የተቃጠልሁት በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። እናቴ የተወለደችው ጥር 7 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱን የሞላልን ጸሐፊ ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ 1952 አደረገው። ነገር ግን ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ነው፤ የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚደመረው ስምንት ስለሆነ፣ ትክክለኛው ጃንዋሪ 15 ቀን 1953 ነበር። ፓስፖርቱ የወጣው በተሳሳተው ወረቀት ነው፤ እህቴ ግን በማመልከቻዋ ላይ ትክክለኛውን ጽፋለች። ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ «አስተካክላችሁ ኑ» ተባልን። የልደት ወረቀቱ ታርሞ፣ ተተርጉሞ፣ ፓስፖርቱ ተለውጦ እስኪመጣ ስምንት ወር ፈጀ፤ በዚህ መካከል የሕክምና ምርመራው ጊዜ ስላለፈበት ምርመራውም እንደገና ተከፈለበት። አንዲት የመደመር ስሕተት!

ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት ከማስገባትዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የክርስትና ወረቀቱ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብሎ ፓስፖርቱ የዓለም ስሟን ቢይዝ፣ ሁለቱም ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከደብሩ ያጽፉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስሟ ከወረቀት ወረቀት እንዳይለያይ ይጠንቀቁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የአዛውንቶች የልደት ወረቀት ሁሉ ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ቆንስሎቹም ይህን ስለሚያውቁ በወረቀቱ ብቻ አይረኩም። የቆየ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ፣ ያለዎትን ሁሉ ይያዙ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ከቃለ መጠይቁ በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ተጠየቅን። አባቴ «እኔን ውሸታም አሉኝ» ብሎ ተቆጥቷል።

መልስ፦ ጋሼ ቢቆጡ አልፈርድባቸውም፤ ግን ስድብ አይደለም፤ የወረቀት ማስረጃ ያልበቃው ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ነው። ወጪውን የሚችለው አመልካቹ ሲሆን፣ አሜሪካ ያለው ቤተ ሙከራ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት፤ ውጤቱም በቀጥታ ለኤምባሲው ይላካል እንጂ በእጃችሁ አይሰጥም። «ውጤቱን አስተካክላለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ሌባ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የባለቤቴ ገቢ ትንሽ ነው። ስፖንሰርነቱ ይበቃ ይሆን?

መልስ፦ ገቢዋ የአሜሪካ መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት መስፈርት 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ነበር። ካልደረሰ፣ እዚያው የሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው ተጨማሪ ስፖንሰር ሆኖ መፈረም ይችላል፤ የግድ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከሰላ ድንጋይ)፦ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደርሶናል። በሬዎቹን ሸጠን፣ ቤቱንም ለሰው ልንለቅ ነው። እንፍጠን?

መልስ፦ አትፍጠኑ። ቀጠሮ ቪዛ አይደለም፤ ተጨማሪ ማጣራት ተብሎ ወራት የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ለተወሰኑ አገሮች ዜጎች ቪዛ መስጠት ራሱ ይታገዳል። ቪዛው ከተመታ በኋላ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል፤ ያ ጊዜ ለበሬም ለቤትም ይበቃል። ለአሁኑ የጎደለ ክፍያ ካለ ብቻ አንዱን ሽጡ፤ ሌላው በሬ እስከዚያ ድረስ ይረስ።