ነጥብህን አትደብቅ፤ እኔ ደብቄ ያጣሁትን ልንገርህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አይቼ ሳልመልስልህ መተኛት አልቻልኩም። «ሕግ ተመርቄ ጂፒኤዬ 2.4 ነው። ኤክዚት (የመውጫ ፈተና) አልፌያለሁ። ደሴም አዲስ አበባም ለጥብቅና ቢሮዎች ሲቪ ልኬ ለኢንተርቪው እንኳ የጠራኝ የለም። ነጥቤን ከሲቪው ላይ ላውጣው ወይ?» ብለሃል። ብዙ ሰው «አውጣው» ብሎሃል። እባክህ አታውጣው።

እኔ በ2015 በ2.38 ነው የተመረቅሁት። አሁን ደሴ አንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ በረዳትነት ስሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብሽር፣ ይሆናል። ግን እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንድትደግመው አልፈልግም።

1. ነጥብህን ራስህ ቀድመህ ተናገር።

እንደተመረቅሁ ሲቪዬ ላይ ጂፒኤ የሚለውን መስመር አጠፋሁት። ከሠላሳ በላይ ቦታ ላክሁ። ዝም አሉ። ተማሪ ሳለሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስሠራ የሚያውቁኝ አንድ የደሴ ጠበቃ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ስራ መፍታቴን ሰምተው አዲስ አበባ አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ደወሉልኝ። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ አነጋግሯት» አሉ። ነጥቤን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ድረሺ ተባልኩ። እናቴ ከጎረቤት ተበድራ መሳፈሪያ ሰጠችኝ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እሑድ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ነበርኩ። አክስቴ ቤት አደርኩና ጠዋት 2፡30 ቢሮው ደጃፍ ደረስኩ። እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ምን እንደምጠብቅ እንኳ የነገረኝ ሰው የለም።

በመጨረሻ ገባሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አላየኝም። «ጂፒኤሽ እዚህ ላይ የለም፤ ስንት ነው?» አለ። «ኦፊሻሉ የውጤት ማስረጃ ገና አልወጣልኝም» አልኩ። «ስቱደንት ኮፒስ?» አለ፤ ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት ማለቱ ነው። ስልኬ ላይ ነበረ፤ የለኝም ማለት አቃተኝ። ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። «ሁለት ነጥብ ሠላሳ ስምንት!» በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ። «በዚህ ነጥብ እዚህ ድረስ ማን ላከሽ?» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። አንድ የሕግ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰውን 400 ኪሎ ሜትር አስመጥተህ፣ ቀኑን ሙሉ አስጠብቀህ፣ የምታደርገው ቁጥር ማንበብ ከሆነ ለምን በስልክ አልጠየቅህም?

ግን ከዚያ የባሰው ደሴ ስመለስ ነበር የጠበቀኝ። ሰውየው በዚያው ቀን ለጋሼ ደውሎ «እንዲህ ያለ ሰው ነው እንዴ የምትልኩልን?» ብሏቸዋል። ስንት ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሳምንት ሙሉ አፍሬ አልሄድኩም። ስሄድ አልተቆጡኝም። «2.38 መሆኑን ብትነግሪኝ እኔው ነበርኩ የምነግራቸው። ነጥቧ ዝቅ ያለ ነው፣ ክስ ግን ትጽፋለች እል ነበር። አሁን የኔም ቃል ዋጋ አጣ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ስምህን ለሚጠራልህ ሰው መጀመሪያ ቁጥሩን ንገረው። ዝቅ ያለ ነጥብ የሰማ ጠበቃ «እሺ፣ ሌላስ ምን አለህ?» ሊልህ ይችላል። የተደበቀበት ጠበቃ ግን ነገ ለደንበኛውም ትዋሻለህ ብሎ ነው የሚያስበው። ሥራው መተማመን ነው። ሰው የመሬት ደብተሩንና የጋብቻ ወረቀቱን አምኖ የሚያስረክብህ ሥራ ነው።

ነጥቡ ለምን ዝቅ አለ ካሉህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ። እኔ «ጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ከቤተሰቤ ጋር ተፈናቅዬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወሰድኳቸው ኮርሶች ነጥቤን ጎተቱት» እላለሁ። እውነት ነው፣ ያልቃል። ከዚያ በላይ ከሄድክ ልመና ይሆናል።

2. ጂፒኤህን ጻፍ፤ ከሥሩ ግን ቢሮው የሚፈልጋቸውን ኮርሶች ከነግሬዳቸው አስቀምጥ።

ያንተም እንደኔ ይሆናል። ሲ የበዛብኝ በሕግ ፍልስፍናና በዓለም አቀፍ ሕግ ነው። ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቢ ፕላስ አለኝ፣ የሥራ ሕግ ኤ ማይነስ። ደሴ ያለ ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ ያለው ውርስ ነው፣ ፍቺና የንብረት ክፍፍል ነው፣ የገጠር መሬት ነው፣ የመኪና አደጋ ካሳ ነው፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚመጣ የሥራ ክርክር ነው። የዓለም አቀፍ ሕግ ሲህን ማንም አይፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምርበት። አብዛኞቻችን የቤተሰብ ሕግ ሲባል በቃላችን የያዝነው አዋጅ 213/1992ን ነው። እሱ የፌደራሉ ነው። ደሴ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ለገጠር መሬት ደግሞ የክልሉን አዋጅ 252/2009 አንብብ። አሁን ያለሁበት ቢሮ ኢንተርቪው ላይ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄንኑ፣ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ነው። ቀጥሎ «ባልና ሚስት ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ይላል፣ እሷ አልፈልግም አለች፤ ምን ትያለሽ?» ተባልኩ። ወሎ ውስጥ ይሄ የየቀኑ ጉዳይ ነው። መልሱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ አለ። የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ኦሮምኛ የምትችል ከሆነም ሲቪህ ላይ ከላይ አድርገው። ከሚሴ ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እዚያ የሚመላለስ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል።

3. ለደሴ ቢሮ ኢሜይል አትላክ።

አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ፋይል የሞላ መደርደሪያ፤ በቃ። ሲቪ የሚያነብ የሰው ኃይል ክፍል የለም። ጠበቃው የሚያስፈልገው ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ሄዶ መዝገብ የሚያስከፍት፣ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ የሚመለስ፣ የውሳኔ ግልባጭ የሚያወጣ፣ ማታ ደግሞ ረቂቅ የሚጽፍ ሰው ነው። ነጥብህን የሚመዝነው ሌላ የሚያየው ነገር ስታጣበት ነው። የሚያየው ነገር ስጠው።

እኔ ከዚያ ውርደት በኋላ ጋሼን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሂጂ ችሎት ተቀመጪ» አሉኝ። ችሎት ለማንም ክፍት ነው፤ ይሄን እያወቅን አንጠቀምበትም። ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ፍትሐ ብሔር ችሎት ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። በአምስት ዓመት ያልገባኝ እዚያ ገባኝ። ክሱ ጥሩ ሆኖ የማስረጃ ዝርዝር ስላልተያያዘ ሲመለስ አየሁ። ክስ እንዴት እንደሚጻፍና ምን እንደሚያያዝበት የሚናገሩትን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 222 እና 223ን ለፈተና ሸምድጄ ነበር፤ ለምን እንደተጻፉ ግን ያኔ ነው የተረዳሁት። ማታ ማታ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ከስልኬ እያነበብኩ ቀን ካየሁት ክርክር ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ክስ፣ አንዱ በዚያው ሕግ ቁጥር 244 ተከሳሽ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ የሚያነሳው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ። እያንዳንዳቸው ሁለት ገጽ። ስሞቹንና ፍሬ ነገሩን ለዋውጬዋለሁ። የእውነተኛ ባለጉዳይ ስም ያለበት ወረቀት ይዘህ እንዳትሄድ፤ ምስጢር የማይጠብቅ ሰው ነህ ብለው በር ላይ ይመልሱሃል።

ጋሼ ወረቀቶቹን አነበቡና ስልካቸውን አነሱ። እዚያው ፊቴ ነው የደወሉት። «ነጥቧ 2.38 ነው፣ መጀመሪያ ይሄን እወቂ። የጻፈችውን ግን እዪው» አሉ። የደወሉላት ሴት ጠበቃ ናት፤ አሁን አለቃዬ ናቸው፣ እትዬ እላቸዋለሁ። ያን ስልክ ስሰማ እንባዬ መጣ። በእኔ ምክንያት የተዋረዱ ሰው ናቸውኮ።

እትዬ ስለ ነጥቤ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም። ከላይ የነገርኩህን ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝና ፋይል አወጡ። «ወስደሽ አንብቢው፣ ነገ ሁለት ገጽ ይዘሽልኝ ነዪ» አሉ። ከሥራ የተሰናበተ የኮምቦልቻ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የከሰሰው በአራተኛው ወር ነው። አሠሪው ደግሞ ሦስት ወር አልፏል፣ በይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ስላለፈ) ይታገድ ብሎ መቃወሚያ አቅርቧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ ጥያቄ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። መጀመሪያ አለቀ አልኩ። ግን ፋይሉን ገጽ በገጽ ገለጥኩት። መጨረሻ ላይ ሠራተኛው ራሱ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ የጻፈው አቤቱታ አለ፤ የገቢ ማኅተም ተመቶበታል። በተባረረ በአምስተኛው ሳምንት የገባ ነው። በሕጉ አዋጁን ለሚያስፈጽም አካል አቤት ካለ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ይርጋው ይቋረጣል። የጽሑፍ ውሳኔ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የለም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጻፍኩ።

እትዬ ግማሹን በቀይ ሰረዙት። ሁለተኛውን አንቀጽ ግን እንዳለ ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ውድቅ ሲያደርግ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሠራተኛው ከችሎት ስንወጣ ሁለት እጄን ይዞ መረቀኝ። ያን ጊዜ 2.38 የሚለውን ቁጥር ረሳሁት።

አንድ ልጨምር። ለመግባት ስትጓጓ ውል ሳትጠይቅ እንዳትጀምር። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድም ፈተናም ይጠበቅብሃል። አብራኝ የተመረቀች ልጅ አንድ ቢሮ ዓመት ሙሉ በአበል ብቻ አገለገለች። ስትወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብትጠይቅ «ሠራተኛችን አልነበርሽም» አሏት። ደሞዙ ቢያንስም ችግር የለውም፣ በጽሑፍ ይሁን። ልምድህን እንደሚጽፉልህም በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ።

ሁለቱን ወረቀት ስትጨርስ በውስጥ ላክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ አልገባም፣ አነብልሃለሁ። ከላይ ጂፒኤህን መጻፍህን ግን አስቀድሜ አያለሁ።